መሬት እያላቸው የተቸገሩ እናት፦ ከደምበጫ ወረዳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር የሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። እናታቸው ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ሲሆን በደምበጫ ወረዳ በአንድ የገጠር ቀበሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። አራት ቃዳ መሬት አላቸው፤ እሱንም አንድ ጎረቤት ገበሬ በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሁለት እየተካፈለ፣ ያርሰዋል። አባታቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት 17 ዓመት በጥበቃ ሠርተው በ2006 ዓ.ም. በሥራ ላይ እያሉ አርፈዋል፤ ቤተሰቡ ግን ጡረታ ጠይቆ አያውቅም። ጠያቂው በየወሩ 1,500 ብር ይልካሉ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድማቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይልካል፤ እህታቸው በአጎራባች ጎጥ ትዳር ይዛ ትኖራለች። ቀበሌው «መሬት አላቸው፣ ልጆችም አሏቸው» በማለት ከድጋፍ መዝገብ አላስገባቸውም። በዚህ መካከል አንድ የአጎት ልጅ «እኔ ልጡራቸው፣ መሬቱን በስሜ ያዙሩልኝ» የሚል ሐሳብ አቅርቧል። የእናትየው ዐይን እየደከመ ነው። ጠያቂው የሚያውቁት ገንዘቡ እንደማይበቃ ብቻ ስለሆነ፣ ልጨምር ወይስ ወደ ባሕር ዳር ላምጣቸው ይላሉ።

እናትዎ የተቸገሩት ሀብት አጥተው አይደለም። አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ መሬት፣ በምዕራብ ጎጃም ለም አፈር ላይ አንዲትን አሮጊት አጥግቦ የሚተርፍ ነው። ያጡት መሬቱን ወደ እንጀራ የሚለውጠውን ጉልበት ነው። በባህላችን ሴት እርፍ ስለማትጨብጥ፣ ባል የሞተባት ሴት ገና በ40 ዓመቷም ቢሆን መሬቷን ለሌላ ለመስጠት ትገደዳለች፤ በ70 ዓመት ደግሞ ከእርሻው በተጨማሪ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ወፍጮ ቤት መመላለሱ፣ የቤቱን ክዳን ማደሱ ሁሉ በሰው እጅ የሚሠራ ይሆናል። የሚልኩት 1,500 ብር እህል ከመግዛቱ በፊት ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች ይከፋፈላል። ስለዚህ «ስንት ልጨምር» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት፣ የትኛው ጉልበት በማን እንደሚሟላና ከመሬቱ የሚገኘው ምርት በማን ቁጥጥር ሥር እንደሆነ ይጠይቁ። የቀረው ምላሼ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመሬቱ እጀምራለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚባክነው እዚያ ነውና። በእኩል ማሳረስ በስሙ እኩል ቢሆንም በአፈጻጸሙ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም። ማዳበሪያውንና ዘሩን ማን ያወጣል? ወጪውን ሁለቱም ወገኖች ለሁለት ከከፈሉ ምርቱ እኩል ይካፈላል፤ አራሹ ሁሉንም ከቻለ ግን ባለመሬቱ ሲሶ የሚወስድበት ልማድ አለ፤ ልማዱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ችግሩ የሚፈጠረው እናትዎ የማዳበሪያውን ግማሽ ከፍለው ሳለ በአውድማ ላይ የሲሶ ያህል ሲደርሳቸው ነው። ዘር «ቀድሞ ይውጣ» ተብሎ ሲነሣ፣ ለአጨዳና ለውቂያ የዋለው ሰው ድርሻ ከጋራው ክምር ሲከፈል፣ ዐይናቸው የደከመ ባለመሬት ቆመው ሊቆጣጠሩት አይችሉም። ጭዱም አለ። የጤፍ ጭድ በበጋ ለከብት መኖ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ ነገር ግን ከብት የሌላቸው አሮጊት ጭድ ምን ይሠራላቸዋል በሚል ሙሉው ወደ አራሹ ቤት ሲጓዝ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የጭድ ድርሻቸው ተሸጦ ገንዘቡ ለእናትዎ መድረስ አለበት።

ስለዚህ አራሹ ታማኝ ሰው ቢሆንም እንኳ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። በጽሑፉ ውስጥ የግብአቱ ወጪ ክፍፍል፣ የዘሩ ጉዳይ፣ የጭዱ ድርሻና የሚዘራው የእህል ዓይነት ይገለጽ፤ ውሉ ከአንድ ምርት ዘመን የሚያልፍ ከሆነ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ምርት በሚነሣበት ቀን ደግሞ እህትዎ ወይም የምታምኑት ሰው አውድማው ላይ ይገኝ። ይህን ሲያደርጉ አራሹን እንደ ሌባ እንዳታዩት እመክራለሁ፤ በሬና ጉልበት ይዞ የመጣ ሰው ለእናትዎ ከማንኛውም የዕርዳታ ድርጅት ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሊከፋና ሊተዋቸውም ይችላል። የሁለትና የሦስት ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ መቀበልን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። እንዲህ ያለ ኪራይ ብዙውን ጊዜ በጭንቅ ቀን፣ በተለይ ለተዝካር ወጪ ወይም ለዕዳ መክፈያ ሲባል በርካሽ ይፈጸማል፤ ገንዘቡ በአንድ ወር ያልቃል፤ መሬቱ ግን ለዓመታት ከእጅ ይወጣል።

የእህሉ ዓይነትም ቀላል ነገር አይደለም። በቆሎ ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ነገር ግን ነቀዝ ስለሚፈጀው በጎተራ ማቆየት ክትትል ይጠይቃል፤ ለብቻዋ የምትኖር አሮጊትም ይህን መከታተል አትችልም። ጤፍና ዳጉሳ ነቀዝ ስለማይደፍራቸው ለዓመታት ሳይበላሹ ይቆያሉ። የድርሻቸው ዋነኛ ክፍል ጤፍ ወይም ዳጉሳ ቢሆን፣ በቆሎው ደግሞ አየር በማያስገባ ከረጢት ቢቀመጥ ወይም ቶሎ ቢሸጥ ይሻላል። ማሳቸውን ባሕር ዛፍ ለመትከል የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ፤ ዛፉ በሬ አይፈልግም፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላም ለቤት ቋሚ እንጨት ይቆረጣል። ሆኖም ጥሩ የጤፍ መሬት ላይ አልመክረውም፤ የጎረቤትን ማሳ ይጎዳል፣ ለእናትዎም ዘንድሮ የሚበሉትን አይሰጣቸውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የሚልኩት ገንዘብ የሚደርስበት ወቅት ነው። ከወር ወር እኩል መላክ ለደመወዝተኛ ይመቻል፤ የገበሬ ቤት ወጪ ግን በወር አይመጣም። እህል የሚረክሰው መኸር ከገባ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ የሚወደደው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ በዓመት የሚልኩትን 18,000 ብር ሳይጨምሩ አከፋፈሉን ብቻ ቢለውጡት፣ ማለትም በጥር ወፈር ያለ ገንዘብ ልከው የዓመቱ እህል ጉድለት በርካሽ እንዲሟላና የጤና መድኅን መዋጮ እንዲከፈል፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የማዳበሪያ ድርሻቸው እንዲሸፈን ቢያደርጉ፣ በቀረው ወር አነስተኛ ገንዘብ ይበቃል። ገንዘቡ በእናትዎ ስም በተከፈተ ሒሳብ ቢገባ ይመረጣል፤ በቴሌብር የሚላክ ከሆነ የምሥጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ እርስዎ ይወቁ። ከዚህ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ ወይም ለጎረቤት ሲያበድሩ ቢሰሙ ግን አይቆጡ። አንዲት አሮጊት በሰው ቤት ሄዳ ለመጠየቅ ፊት የሚኖራት ለሰው ስትሰጥ ስለቆየች ነው።

የአጎት ልጁን ሐሳብ በተመለከተ፣ መሬቱ በስሙ እንዳይዞር። ጧሪ ማግኘት በጎ ነገር ነው፤ ይህ ወጣት ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የይዞታ ደብተሩ ስም በስጦታ ከተለወጠ በኋላ እናትዎ የሚደራደሩበት ምንም ነገር አይቀራቸውም፤ ጧሪው ቢሰደድ፣ ቢያገባ ወይም ቢታመም መሬቱ የእሱ እንደሆነ ይቀራል። ስጦታን ለማስመለስ ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ የሚፈቀደውም በጥቂት ምክንያቶች ነው። ኑዛዜ ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሻርና ሊለወጥ ይችላል። ልጁ የምር ሊጦር ከፈለገ ከአሁኑ አራሽ ጋር ያለው ውል ሲያበቃ መሬቱን በእኩል ያርሰው፣ ለእናትዎ የሚያቀርበው ውኃና እንጨት ደግሞ እንደ ውሉ አካል ይቆጠርለት፤ ከዚያ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ እናትዎ በራሳቸው ፈቃድ በኑዛዜ ሊያስቡት ይችላሉ። በዚህ ጉዳይ የእናትዎ ፈቃድ ከእናንተ ከሦስታችሁም ፈቃድ ይቀድማል፤ መሬቱ የእሳቸው ነውና።

ወደ ጤናቸው ስመጣ፣ ዐይናቸውን ለምርመራ ማስወሰድ በዚህ ወር መሆን የሚገባው ሥራ ነው። በአማራ ክልል ትራኮማ ለረጅም ዘመን የበረታ በሽታ ሲሆን የዐይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ የዐይን ብሌንን እንዲፍቅ ያደርጋል፤ ይበልጥ የሚጎዳውም በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ነው። እናትዎ ዐይናቸው ውስጥ እሾኽ ያለ ያህል ይወጋቸዋል? ወረንጦ ይዘው ሽፋሽፍታቸውን ይነቅላሉ? እንዲህ ከሆነ ለዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠሩትና ያለ ክፍያ ሲሰጥ የቆየ አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። ሕመም ሳይኖር እይታቸው እንደ ጭጋግ ከደበዘዘ የዐይን ሞራ ሊሆን ስለሚችል በቀዶ ሕክምና ብርሃናቸው የመመለስ ዕድል አለው። የዐይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ማዳን ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የዐይን ባለሙያ ብቻ ስለሆነ «ዕድሜ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም። አንዲት አሮጊት ዐይኗ ሲመለስ ራሷ ውኃ ትቀዳለች፣ እህሏን ትለካለች፤ ከላይ በገንዘብ ይገዛል ካልነው ጉልበት ከፊሉ በዚህ ይመለሳል።

ወጪውን በተመለከተ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን አለ። ይህ ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመካከላቸው አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ስለነበር፣ በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም። እናትዎ ራሳቸውን የቻሉ እማወራ ሆነው ይመዘገባሉ። መክፈል የማይችሉ ሰዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራርም አለ፤ ምርጫው በቀበሌ ደረጃ ይካሄዳል። በእኔ አስተያየት መክፈል የምትችሉ ልጆች እያላችሁ ያንን ቦታ አትሻሙ፤ የሚከፍልለት ያጣ ጎረቤት አለ። ምዝገባውና እድሳቱ ጊዜ የተወሰነለት ስለሆነ ካመለጠ ዓመት ያስጠብቃል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም፤ እንዲሁም ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ጥቅሙን ያስቀራል።

አሁን ወደ ጡረታው፤ ቤተሰቡ 12 ዓመት ያህል የዘነጋው ምናልባት ትልቁ ነገር ይህ ነው። አባትዎ በቋሚነት የተቀጠሩ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ፣ 17 ዓመት አገልግሎታቸው ለጡረታ አበል የሚጠየቀውን 10 ዓመት ያልፋል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት አበሉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመጨረሻው የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ለ17 ዓመት 38.75 በመቶ ይመጣል። አማካይ ደመወዛቸው 1,000 ብር ነበር ብንል አበሉ 387 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ የሟች ሚስት ድርሻ የዚህ ግማሽ ይሆናል። አበሉ በየጊዜው ማስተካከያ ስለሚደረግበት የዛሬው ክፍያ ከዚህ ስሌት ይለያል፤ ትንሽ ቢመስልም በየወሩ በራሳቸው ስም የሚገባ፣ የማንንም ልጅ ፈቃድ የማይጠብቅ ገንዘብ ነው። አባትዎ በኮንትራት ወይም በማኅበረሰብ መዋጮ የሚከፈላቸው ጥበቃ ከነበሩ ግን መብቱ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው የቅጥር ደብዳቤያቸውና በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በሲቪል ሰርቪስ ያለው የግል ማኅደራቸው ነው።

በማኅደሩ ውስጥ የሕይወት ታሪክ ቅጽ የሚባል አለ፤ አባትዎ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ያስመዘገቡት እዚያ ነው። በዚህ ደረጃ ብዙ ባለጉዳዮችን የሚያሰናክለው ስም ነው። እናትዎ በይዞታ ደብተር ላይ በዓለም ስማቸው፣ በቅጹ ላይ በክርስትና ስማቸው ተጽፈው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ የሁለቱ ስሞች ባለቤት አንድ ሰው መሆኗ በፍርድ ቤት ይረጋገጥ። ሌላው ስሕተት የወራሽነት ማስረጃ ይዞ መሄድ ነው፤ የተተኪ ጡረታ፣ ማለትም ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው አበል፣ ውርስ ስላልሆነ የሚጠየቀው የሚስትነት ማረጋገጫ ነው። ያለፈው ዘመን ውዝፍ በጊዜ ገደብ ሊታገድ ስለሚችል ሁሉም ይከፈላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ እያንዳንዱ የሚያልፈው ወር ግን ተጨማሪ ኪሳራ ነው። ወላጅን የሚጦር ሠራተኛ ሲሞት ወላጆቹም የተተኪነት መብት የሚያገኙበት ሁኔታ አለና፣ የመንግሥት ሠራተኛ እንደመሆንዎ በእርስዎ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የእናትዎ ስም መኖሩን ያረጋግጡ። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባም በነጻ ስለሆነ ቶሎ ይፈጸም፤ የጣት አሻራ በሥራ ብዛት የጠፋባቸው ገበሬዎች ስላሉ እናትዎ አሻራቸው እምቢ ቢል አይደንግጡ፤ የዐይንና የፊት ምስልም ይወሰዳል።

ቀበሌው ስለሰጠው መልስ ትንሽ ልበል። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት አለባቸው ተብለው በተመረጡ ወረዳዎች ነው፤ በዚያም ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ ሠሪ የሌለበት ቤተሰብ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች በአብዛኛው ትርፍ አምራች ስለሚባሉ ከዚህ መርሐ ግብር ውጪ ናቸው። ስለዚህ እናትዎ ያልተመዘገቡት ምናልባት በወረዳው መርሐ ግብሩ ስለሌለ እንጂ መሬትና ልጅ ስላላቸው አይደለም። ትርፍ ለማምረት ጉልበት የሌለው ሰው በትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ መወለዱ የሚጎዳው መሆኑ፣ በእኔ እይታ፣ የአመዳደቡ ትልቅ ጉድለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል፤ «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን በተግባር ሰፊ የማምለጫ በር ነው። ለእናትዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ነዋሪዎች ተባብረው ችግረኞችን የሚረዱበትን፣ በቀበሌ ደረጃ ያለውን የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት መጠየቅ ነው። ሲጠይቁም ገንዘብ ሳይሆን ሥራ ይጠይቁ፤ ክዳኑ በደቦ እንዲታደስ፣ አረሙም እንዲሁ በደቦ እንዲነቀል። ሰው በጉልበቱ ከመርዳት ይልቅ ብር ለማውጣት ይከብደዋል።

ዕድራቸው እንዳይቋረጥ መዋጮውን እርስዎ በቀጥታ ይክፈሉ፤ አሮጊቶች ከሚበሉት ቀንሰው ለዕድር ሲከፍሉ በብዛት አያለሁ። ዕድር በዋናነት የሚደርሰው ከሞት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ዕድሮች ግን ለታመመ አባል መርዳት ስለጀመሩ ደንቡን ጠይቁ።

የእናንተን የእህትና የወንድማማቾቹን ጉዳይ ደግሞ በቁጥር ብቻ አትዩት። እህትዎ ገንዘብ ካልላከች አልረዳችም ማለት አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች እንጀራ ከጋገረች፣ በገበያ ዋጋ ቢሰላ ከእርስዎ 1,500 ብር ሊያልፍ ይችላል። የራሷ ቤት፣ ልጆችና ማሳ ያላት ሴት ይህን ሁሉ እያደረገች ምስጋና ሳታገኝ ከቀረች አንድ ቀን ትታክታለች፤ ያኔ ምትክ የለም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ተወላጆች ለወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። ሆኖም ወንድምን በእናት ስም መክሰስ እናትየውን ከሁሉም በላይ ያሳዝናል። በቀጣዩ በዓል ሦስታችሁም በምትገናኙበት ቀን ሁለት የሚከበሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ማን ምን እንደሚሸፍን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ የወንድምዎ ድርሻ የጤና መድኅኑና የዐይን ሕክምናው ጉዞ ቢሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፈልና የሚታይ ስለሆነ፣ ከወርኃዊ ክፍያ ይልቅ ሊፈጽመው ይቀለዋል።

የልጅ ልጅ ሰጥቶ አብሯቸው ማኖር የተለመደ መፍትሔ ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ ትምህርት ቤት የሚደርሱበት ቦታ እስከሆነና ውኃ ቀጂ ብቻ ሆነው እስካልቀሩ ድረስ አልቃወመውም።

ወደ ባሕር ዳር ማምጣቱን በመጨረሻ ያስቡት። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት፣ ከሰንበቴያቸውና ከማኅበራቸው ተለይተው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የሚቀመጡ እናቶች በቶሎ ሲጎሳቆሉ ይታያሉ፤ መሬቱም ባለቤቱ በሌለበት ዘመን ለክርክር ይጋለጣል። ለዐይን ሕክምናው ለጥቂት ሳምንታት ይምጡና ኑሮውን ራሳቸው ይዩት። መኖር ከፈለጉ ከመነሣታቸው በፊት የእርሻው ውል ይመዝገብ፤ የይዞታ ደብተሩ ዋናው ቅጂም ከእናትዎ ጋር ይሁን እንጂ በአራሹም ሆነ በአጎት ልጁ ቤት አይቀመጥ።